ተምሮስ ምን አገኘ?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮች፣ በቆቦና በራያ ቆላ ልጁ ትምህርቱን ይቀጥል ወይስ ያቋርጥ እያለ የሚያወጣ የሚያወርድ አባት የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለች፤ «ተምሮስ ምን አገኘ?» የምትል። አባትየው ጎረቤቱን እያየ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀው የጎረቤት ልጅ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እናቱ ቤት ተቀምጧል። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ባሕር የተሻገረው ደግሞ ለወላጆቹ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። ይህን ያየ አባት ሲጠይቅ አላዋቂ ብሎ መገሠጽ ተገቢ አይደለም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ሆኖም ያላየው ነገር አለ፤ የዛሬው ንግግራችን ስለዚያ ነው።

ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት በአገራችን የሰው ደረጃ በአብዛኛው የሚለካው በመሬት ነበር። በብዙ የሰሜን አካባቢዎች ሙስሊሙ የርስት መብት ተነፍጎት በንግድና በሽመና ተወስኖ ኖሯል፤ በመንግሥት ቢሮም ብርቅ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደው ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ የዚህ ብሶት ውጤት ነው። አዋጁ መሬትን ለአራሹ ሰጠ፤ ወሎ ውስጥም በ1983 ግድም እንደገና ተደለደለ። ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ግን ከአባቱ ቁራሽ ካልተካፈለ በቀር የሚደርሰው መሬት የለም፤ በእኩል ያርሳል፣ አለዚያም የሰው ቀን ሠራተኛ ይሆናል።

መሬት ያለውም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ካስቆፈራቸው ጉድጓዶች አጠገብ ማሳው የዋለለት ሰው በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ያነሳል። ወንድሙ ደግሞ ማሽላውን ዘርቶ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን የጎሊናን ወይም የሆርማትን ጎርፍ ይጠብቃል፤ ጎርፉ ከቀረ ዓመቱ ቀረ ማለት ነው። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ልጅ አንሰጥም፣ ልጅ አንቀበልም የሚለው የድሮ ንቀትም ገና አልጠፋም። ዲናችን የማያውቀውን ይህን ነገር ሰግደን ከመስጊድ ስንወጣ ይዘነው መሄዳችን ያሳዝናል።

እንግዲህ መሬት ለሌለው፣ ዘሩም ለሚናቅ ልጅ የቀረው መሰላል ትምህርት ነበር። በእርግጥም ብዙዎችን አውጥቷል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጤና ጣቢያውና በየትምህርት ቤቱ የምናያቸው የገበሬ ልጆች በዚሁ የወጡ ናቸው። ታዲያ አሁን መሰላሉ ምን ነካው?

አንድ የገጠር ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ የሚገጥመውን እንመልከት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከቀበሌው ሩቅ ነው፤ ስለዚህ ቆቦ ወይም ሮቢት ከተማ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤቱ በእግሩ ሄዶ የሳምንት ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ስንቁ ረቡዕ ላይ ካለቀ ሐሙስና ዓርብ በባዶ ሆዱ ይማራል። ጥቅምትና ኅዳር ሲሆን ማሽላው እሸት ይዟል፤ ወፍ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋልና ማማ ላይ ይወጣል፤ በዚያው ወር ጓደኞቹ ሒሳብ ይማራሉ። የከተማው ነጋዴ ልጅ በአንጻሩ ቁርሱን በልቶ ይሄዳል፣ ማታም መብራትና አስጠኚ ይጠብቁታል። ሁለቱም ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርሱ አንድ ወረቀት ይቀርብላቸዋል።

የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3ቱ ብቻ ነበሩ። በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ከመቶ 8.4 ሆነ። በ2015 በመላ አገሪቱ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከፍተኛ ውጤት ያስመዘገቡት በአብዛኛው አዳሪና ልዩ ትምህርት ቤቶች ናቸው። አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ምን ማለት ነው? ተማሪው ስንቅ የማይሸከምበት፣ ማማ የማይወጣበት፣ በልቶ የሚያድርበት ቦታ ነው። የራያ ልጅ አእምሮ ከማንም አያንስም፤ ያነሰው ስንቁና ጊዜው ነው።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ቆቦና አካባቢዋ ደጋግማ ተፈትናለች፤ እሱ ጋብ ሲል ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ሌላ ግጭት ተተካ። በ2017 የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸው ተነግሯል። አቅም ያለው ልጁን ደሴ ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ጋር ልኮ አስተማረ፤ የሌለው ልጁን ከብት አስያዘው። በሰላሙ ጊዜ አንድ እርምጃ የነበረው የሁለቱ ልጆች ርቀት አሁን ብዙ ዓመት ሆኗል።

ተመርቆ የተቀመጠውስ? ይህ እውነት ነው፤ መካድ አይገባም። ዲግሪ የያዙ ልጆች ኮብልስቶን ሲያነጥፉ ያየነው ገና በ2004 ግድም ነው። ነገር ግን ከምረቃ በኋላ ሥራ እስኪገኝ ያለው የመጠበቂያ ጊዜም ራሱ ገንዘብ ይጠይቃል። ባለጸጋው ልጁን አንድ ሁለት ዓመት እያበላ፣ የትራንስፖርት እየሰጠ ለፈተናና ለቃለ መጠይቅ ይልከዋል። የድሃው ልጅ ማስታወቂያውን ቢሰማ እንኳ ወልድያ ደርሶ የሚመለስበት የለውም። ሁለቱም ተምረዋል፤ ያገኘው ግን መጠበቅ የቻለው ነው።

አሁን አባትየው ወዳላየው ነገር እንመለስ። ተመርቆ ሥራ ያጣው ልጅ እናቱ ቤት ስለተቀመጠ መንደሩ ሁሉ ያየዋል። በጅቡቲ በኩል ተሻግሮ ባሕር የበላው፣ የመን ውስጥ ደላላ አግቶት ማስለቀቂያ የተጠየቀበት፣ በሬ ተሽጦ የተላከለት ልጅ ግን አይታይም። የሚታየው የቆርቆሮው ቤት ብቻ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙዎቹ የተመለሱት ባዶ እጃቸውን ነበር። እኅቶቻችንን በተመለከተም፣ በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ተጓዡ ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ድንጋጌው ኋላ ቢሻሻልም፣ ስምንተኛ ክፍልን የመንገዱ መጨረሻ አድርጎ የመቁጠር ልማድ በብዙ ቤት ቀርቷል።

ውድ አድማጮች፣ ዕውቀት ሰውን ከፍ ማድረጉን ከታሪካችን እናውቃለን። ዐጣእ ኢብኑ አቢ ረባሕ ጥቁር፣ አንካሳ፣ አንድ ዐይናና ነጻ የወጣ ባሪያ ነበሩ፤ ነገር ግን የመካ ሙፍቲ ሆኑ። ኸሊፋው ሱለይማን ኢብኑ ዐብዱልመሊክ ከልጆቻቸው ጋር ከፊታቸው ቀርበው ስለ ሐጅ እንደጠየቋቸው ይተረካል። ሆኖም ዕውቀት ወጪ አለው፤ ሁልጊዜም የሚከፍል ሰው ነበር። ከበድር ምርኮኞች ቤዛ ያጡትና መጻፍ የሚችሉት ዐሥር ዐሥር የመዲና ልጆችን አስተምረው ሲለቀቁ፣ የልጆቹ ትምህርት የተከፈለው ሊገኝ ይችል በነበረው የቤዛ ገንዘብ ነው። በወሎም፣ የጁ ውስጥ እንደ ዳና ባሉ የቂርኣት ማዕከሎች የድሃ ልጅ ከባለመሬት ልጅ ጎን ተቀምጦ የቀራው መንደርተኛው ደረሳውን ያበላ ስለነበር ነው። አያቶቻችን ደረሳ ስንቅ ከቤቱ ያምጣ አላሉም። የዘጠነኛ ክፍሉን ልጅ ግን ዛሬ ማንም ደረሳዬ አይለውም።

ዘካችንን እንመልከት። ዝናብና ጎርፍ ያበቀለው እህል ዘካው ዐሥር እጅ፣ በሞተር ስበን ያጠጣነው ደግሞ አምስት እጅ ነው። መነሻው አምስት አውሱቅ ነው፤ ብዙዎች ወደ 653 ኪሎ፣ ማለትም ስድስት ኩንታል ተኩል ግድም ያደርጉታል። ድሃ ተማሪ ተማሪ ባይሆንም በድህነቱ ብቻ የዘካ ባለመብት ነው። ኢማም ነወዊ ሠርቶ መብላት የሚችል ሰው ሥራው የዲን ትምህርቱን የሚያቋርጥበት ከሆነ ዘካ ይሰጠዋል ብለዋል፤ ለሱና ዒባዳ ብሎ ሥራ የተወ ግን አይሰጠውም። ከዘመናችን ዑለማእ ብይኑን ለማኅበረሰቡ ወደሚጠቅም ዓለማዊ ዕውቀት ያሰፉት አሉ። ዝርዝሩን የየአካባቢያችሁን ሼኾች ጠይቁ።

አንድ ገበሬ በጎርፍ ውሃ 20 ኩንታል ማሽላ ቢያነሳ ዘካው 2 ኩንታል ነው። ከተማ ተከራይቶ የሚማር ልጅ በወር 15 ኪሎ ቢበላ በዐሥር ወር የትምህርት ዘመን 1 ኩንታል ተኩል ይበቃዋል። የቀረችው ግማሽ ኩንታል ተሽጣ ከክፍል ኪራዩ የተወሰነውን ትሸፍናለች። ማሽላው በሚወቃበት ሰሞን የመስጊዱ ጀመዓ ከየቀበሌው ስንት ልጅ ዘጠነኛ ክፍል እንደገባና ስንቱ ስንቅ እንዳጣ መዝግቦ ይጠብቅ፤ ሴቶቹንም ሳይዘነጋ።