ጋኑ ለምን ይመረጋል?

(ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ባዮኬሚስትሪ እንድናገር ማኅበሩ ሲጠይቀኝ እሺ ያልሁት ስለ ዐወቅሁ ሳይሆን በዚሁ ትምህርት አንድ ጊዜ ስለ ወደቅሁ ነው። ግሉኮስ ፒሩቬት የሚሆንባቸውን 10 ደረጃዎች ከነኢንዛይሞቻቸው እንደ ዳዊት ደግሜ ገባሁ። መምህሩ ግን የጠየቁን፥ «እርሾ አልኮል የሚሠራው ለምንድን ነው?» ብለው ነበር። «ኀይል ለማግኘት» ብዬ ጻፍሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ይህ መልስ ስለምን ስሕተት እንደ ሆነ ነው።

ከጠላው ጋን እንጀምር። ገብሱ ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች ስታርቹን ቈርጠው ስኳር ያደርጉታል። የእርሾ ሕዋስም ስኳሩን ትቀበልና አንዱን ግሉኮስ ሁለት ፒሩቬት አድርጋ ስትከፍለው 2 ኤቲፒ ታተርፋለች፤ ኤቲፒ ማለት ለሥራዋ የምታወጣው ኀይል የተቋጠረበት ሞለኪውል ነው። ከዚህ ወዲያ ፒሩቬቱ አልኮል እስኪሆን ድረስ አንዲት ኤቲፒ እንኳ አይጨመርላትም። ታዲያ ምን አደከማት?

6ኛውን ደረጃ ተመልከቱ። ከስኳሩ የሚወጣውን ሃይድሮጅን የሚሸከም ኤንኤዲ የሚባል ሞለኪውል አለ። በሕዋስ ውስጥ ያለው ጥቂት ነው፤ ልክ እንደ እንስራ፥ አንድ ጊዜ ከሞላ በኋላ ካልተገለበጠ ወደ ምንጩ መመለስ አይጠቅምም። ኤንኤዲው ሁሉ ከሞላ 6ኛው ደረጃ ይቆማል፤ 2ቱም ኤቲፒ ይቀራሉ። ኦክሲጅን ካለ ሸክሙ በማይቶኮንድሪያ በኩል ለእርሱ ይሰጥና ውሃ ይሆናል፤ በእኛ ሕዋስ በዚህ መንገድ ከአንዱ ግሉኮስ 30 ያህል ኤቲፒ ይገኛል። በተመረገው ጋን ውስጥ ግን ኦክሲጅኑ ወዲያው ያልቃል። ስለዚህ ሕዋሷ ከፒሩቬቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አውጥታ፥ ሸክሟን በቀረው ላይ ትገለብጠዋለች። ያ ነው አልኮሉ! እርሷ የፈለገችው ባዶውን እንስራ ነው፤ እኛ የምንጠጣው የተገለበጠበትን ነው።

የእኛም ጡንቻ ዳገት ስንሮጥ እንዲሁ ያደርጋል፤ እርሱ ግን በፒሩቬቱ በራሱ ላይ ይገለብጠውና ላክቲክ አሲድ ይሆናል። ይህን አሲድ ቆሻሻ ነው የሚላችሁ ቢኖር አትመኑ፤ ልብ ያቃጥለዋል፥ ጉበትም መልሶ ስኳር ያደርገዋል።

ይህ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በ1897 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ጀርመናዊው ቡክነር እርሾን ከአሸዋ ጋራ ፈጭቶ በጨመቀው ጊዜ፥ ሕይወት የሌለው ጭማቂ ስኳርን ሲያፈላ አየ። በ1906 እንግሊዛውያኑ ሃርደንና ያንግ ያንን ጭማቂ በጥቃቅን ቀዳዳ አጣርተው ለሁለት ቢለዩት ሥራው ቆመ። የፈላ ጭማቂ ቢጨምሩበት ግን እንደ ገና ተነሣ። ኢንዛይም ሲፈላ ይበላሻልና፥ እሳት ያልገደለው ትንሽ ነገር በውስጡ መኖሩን ዐወቁ። ከዚያ ውስጥ አንዱ ኤንኤዲ ሆኖ ተገኘ። እኔ በፈተና ወረቀቴ ላይ አራት ጊዜ ጽፌው ሥራውን ያልጠየቅሁት ማለት ነው።

አንድ ነገር ላርም። እርሾ ስኳር ከበዛላት አየር እያለም አልኮል ትሠራለችና፥ አልኮሉን የሚያመጣው መምረጉ ብቻ አይደለም። እናቶቻችን ጋኑን ባይመርጉት ግን፥ ኦክሲጅን የሚሹ ባክቴሪያዎች ገብተው አልኮሉን ኮምጣጤ ያደርጉታል።

ጥያቄ ካላችሁ እሰማለሁ። የክሬብስን ዑደት ግን አትጠይቁኝ፤ እርሱን ገና እያጠናሁት ነው።