ስለ አራስ ምግብና ስለ ጡት ወተት
ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ ሳይሆን ስለ አራስ ምግብ ነው። ይህማ የሴቶች ጉዳይ ነው የሚል ሰው ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። እንቁላሉ ይሸጥ ወይስ ይበላ፥ በጓሮ ጎመን ይተከል ወይስ ጌሾ ብቻ፥ አራሷ ወደ አረም መቼ ትመለስ የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው አባወራው ስለሆነ፥ ነገሩ ለእርሱም መነገር አለበት።

በመጀመሪያ ወተት እንዴት እንደሚበዛ እንመልከት። ላም ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ያልታለበች ላም ትነጥፋለች። የእናት ጡትም እንዲሁ ሕፃኑ በጠባው መጠን ይሠራል፤ ወተቱ ሳይወጣ ከተከማቸ ግን ሥራውን ይቀንሳል። ስለዚህ ከእህልና ከቅጠል ሁሉ አስቀድሞ ወተት የሚያበዛው የሕፃኑ አፍ ነው። በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ ከዚያም በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። ወተት የሚያሠራው ሆርሞን በሌሊት ይበረታልና የሌሊቱን ማጥባት መተው አይገባም።

እንገሩን ቆሻሻ ነው ብለው አልበው የሚደፉ አሉ። እንገር ያልጠባ ጥጃ ምን እንደሚሆን ለገበሬ አይነገርም፤ ለሕፃኑም የመጀመሪያው የበሽታ መከላከያ ይኸው እንገር ነው። አዲስ ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማላስ፥ የስኳር ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ ማጠጣትም ይጎዳል። ሆዱ በዚህ ከሞላ አይጠባም፤ ካልጠባ የእናቱ ወተት ይቀንሳል፤ በውሃውም ተቅማጥ ይገባበታል። የዓለም የጤና ጉባኤ በ1993 ዓ.ም እንደወሰነው፥ ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በቀር እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። የምታጠባ ሴት በቀን ከወትሮው 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ያስፈልጋታል። ጤና ሠራተኞች በቀን 2 ጊዜ ጨምራ እንድትበላ የሚመክሩት ስለዚህ ነው። እናት ብትከሳም ወተቷ ቶሎ አይቆምም፤ ከራሷ ሥጋ እየተቀነሰ ይወጣል። ስለዚህም እጦቱ አስቀድሞ የሚጥለው እርሷን ነው።

እናቶቻችን በአራስ ቤት የሚያቀርቡት ገንፎና አጥሚት ብልኀት ያለበት ነገር ነው። የአጃ ወይም የገብስ አጥሚት በወተት፥ በቅቤና በማር ሲሠራ እህሉንም ፈሳሹንም ባንድ ኩባያ ያቀርባል። ችግሩ ከክርስትናው ጋራ አብሮ መቅረቱ ነው። ወንድ በ40 ቀን፥ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ጠያቂው ይበተናል፤ ገንፎው ይቀራል፤ ሴቲቱ ወደ እንጨት ለቀማና ወደ አረም ትመለሳለች። ሕፃኑ ግን ገና ብዙ ወራት በጡት ብቻ የሚኖር ነው። ሥራ የግድ ከሆነ ሕፃኑን አዝላ ትሂድ፤ እርሻው ዳር ጥላ ሥር እያረፈች ታጥባው።

አብሽ ወተት ያበዛል ይባላል። ምርምሩ እስካሁን ባንድ ቃል አልተስማማም፤ አንዳንዱ ይረዳል ሲል ሌላው ለውጥ አላገኘም። ቢሆንም ተፈጭቶ፥ ተዘፍዝፎ፥ መራራው ውሃ ተደፍቶ፥ ከተመታ በኋላ በማር ሲጠጣ ለእናቲቱ መልካም መጠጥ ነው። ነፍሰ ጡር ግን አታብዛው፤ የስኳር በሽታ መድኃኒት የምትወስድም ሐኪሟን ትጠይቅ። አብሽ ጥራጥሬ ስለሆነ ለመሬቱም ይበጃል፤ በእህል ማፈራረቁ ላይ ጥቂት መደብ ቢሰጠው አይከስርም።

ጎመንን፥ ካሮትንና ብርቱካናማ ስኳር ድንችን የማነሣው ስለ ወተቱ ብዛት ሳይሆን ስለ ጥራቱ ነው። በእናቲቱ ምግብ ቫይታሚን ኤ ሲጎድል በወተቷም ይጎድላል። አዮዲንም እንዲሁ ነውና አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ፤ ወጡ ሲወርድ ጨምሩት። ስለ ምስር፥ ሽሮና ተልባ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በየቤቱ አሉ። የምትጾም እናት ብትኖር የንስሐ አባቷን ታማክር። ጠላ ወተት ያመጣል የሚሉም አሉ፤ ነገሩ ተቃራኒ ነው። አልኮል የወተቱን መውረድ ያዘገያል። ውሃ ግን በጠማት ቁጥር ትጠጣ።

እናንተ የልማት ሠራተኞች በየቤቱ ስትዞሩ «ወተቴ አነሰ» የምትል እናት ብታገኙ፥ ቅጠል ከመንገራችሁ በፊት ሕፃኑ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሸና ጠይቁ። ከተወለደ ከ5ኛው ቀን ወዲህ በ24 ሰዓት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፥ ክብደትም ከጨመረ ወተቱ ይበቃዋል። ከዚህ ካነሰ፥ ወይም ለመጥባት ከሰነፈ፥ ወይም ካተኮሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ አድርጉ።