ስለ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ታሪክ



ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ስታልፍ የምታየውን የቀድሞውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ግቢ ተራ የትምህርት ቤት ግቢ ነው ብለህ አትለፈው። የአንድ ከተማ ትልቅ ትምህርት ቤት ታሪክ የዚያች ከተማ ብቻ ሳይሆን የመላው አገር የዕውቀት ታሪክ ነውና፤ ጥቂት ጊዜህን ለግሠን።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ባቋቋሙ ጊዜ የውጭ አገር ትምህርት ሃይማኖትን ያጠፋል የሚል ሥጋት በብዙዎች ዘንድ ነበር። ሥጋቱም እንዲበርድ መምህራኑ ከግብፅ ከቅብጥ ክርስቲያኖች እንዲመጡ ተደረገ። አንድ ትምህርት ቤት ግን ለሰፊ አገር የማይበቃ ስለ ሆነ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በገዛ ገንዘባቸው ሁለተኛውን አሠርተው ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. መርቀው ከፈቱ። ትምህርቱም በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር።

የትምህርት ቤቱ የበላይ ተቆጣጣሪ ሆነው የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። እኚህ ሰው በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ የጦር መኮንን እጅ ወደ ሕንድ ተወስደው፣ በዚያ አድገው የሕክምና ትምህርት የተማሩ ናቸው። ከወገን ተለይቶ በባዕድ አገር ያደገ ሰው ተመልሶ የወገኑን ልጆች ትምህርት ለመምራት መብቃቱ፣ አንባቢ ሆይ፣ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

ነገር ግን ተቋሙ ገና አሥራ አንድ ዓመት እንደ ሞላው የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። አገራችን ለዕውቀት ካላት አክብሮት የተነሣ «የተማረ ይግደለኝ» የሚል አባባል አለን። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግን የተማረው ራሱ እየተፈለገ ተገደለ። በሎንዶን የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበሩት የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ጠላት ይህን ያደረገው ዕውቀት ያለው ሕዝብ ለረጅም ጊዜ እንደማይገዛ ስላወቀ ነው። አንድን ሕንፃ ያፈረሰ ሌላ ሊሠራበት ይችላል፤ ብዙ ዓመት የተደከመበትን የተማረ ሰው ግን የሚተካው ሌላ ብዙ ዓመት ብቻ ነው።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ትምህርት ቤቱ እንደ ገና ሥራውን ጀመረ። ቆይቶም አስተዳደሩ ከካናዳ ለመጡ ኢየሱሳውያን መምህራን ተሰጠ። ከእነርሱም አንዱ የሆኑት ሉሲየን ማት በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለመምራት የተመረጡት ይህን ትምህርት ቤት ካስተዳደሩ በኋላ ነው። ከዚህም የተነሣ የከፍተኛ ትምህርታችን ጅማሬ ከዚህ ግቢ ጋር የተያያዘ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከ1966 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የትምህርት ቤቱ ስም ተለውጦ «እንጦጦ» ተባለ። ስም በሥልጣን ሊለወጥ ይችላል። በዚያ ደጃፍ የገባ ልጅ የቀሰመው ትምህርት ግን ከስሙ ጋር አብሮ አይለወጥም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የትምህርት ቤት እድሜ የሚቆጠረው በግንቡ ብቻ አይደለም። በሰፈርህ ያለውን አሮጌ ትምህርት ቤት ማን እንዳሠራው፣ ማን እንዳስተማረበት፣ በክፉ ቀንም ምን እንደ ደረሰበት ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ጠይቅ፤ የሰማኸውንም ጻፈው። መዝገቡና አሮጌው ፎቶግራፍ ቢገኝ በአይጥና በእርጥበት እንዳይጠፋ ጠብቀው። ልጅህም ነገ በዚያው ደጃፍ ሲገባ፣ የሚቀመጥበት ወንበር በስንት ሰው ድካምና ደም እንደ ተገኘ ይወቅ። ይህን ያወቀ ተማሪ ደብተሩን በከንቱ አይዘጋም።