ዘመናዊት ጃፓንን ስለ ማጥናት



ክቡር ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተባለውን መጽሐፍ በ1946 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ ብዙዎቻችን ስለ ጃፓን የምንጠይቀው ስለ ፋብሪካዋ ነው። በዩኒቨርሲቲ የሚያጠናት ሰው ግን ከቋንቋዋ ቢጀምር ይሻለዋል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1868 የሜይጂ ዘመን ሲገባ «ኅብረተሰብ» ለሚለው አሳብ የተወሰነ ቃል አልነበራትም፤ ሊቃውንቷ «ሻካይ» የሚለውን የቻይና ቃል ወስደው አዲስ ትርጕም ሰጡት። ዛሬ ስለ ማንነት ሲከራከሩ ግን ብዙ ጊዜ «አይደንቲቲ» ይላሉ፤ የሚጽፉትም ለባዕድ ቃል በተመደበው በካታካና ፊደል ነው። አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ የሚናገርበትን ቃል ስለ ምን በእንግዳ ፊደል ይጽፈዋል? በእንግሊዝኛ ትርጕም ብቻ የሚያነብ ተማሪ ጥያቄው መኖሩንም አያውቅም። ለዕለት ንባብ በ2010 የተወሰኑት ከቻይና የመጡ ፊደሎች 2,136 ናቸው፤ ሀሁን ቈጥሮ ለጨረሰ ሰው ይህ የሚያስፈራ አይመስለኝም፤ ጊዜ ግን ይፈጃል።