ሳይቃጠል በቅጠል
(ስለ አሮጌ ሚኒባስ የነዳጅ ቱቦ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ያደረግነው ንግግር)



 እኛ ከሮቢት ወደ ወልዲያ፣ ወደ ቆቦና ወደ አላማጣ በአሮጌ ሚኒባስ ሕዝብ የምናመላልስ ሾፌሮችና እነዚያኑ መኪኖች የምንጠግን መካኒኮች ነን። መሪና ካቻቢቴ እንጂ ማይክሮፎን ጨብጠን አናውቅም። ስለዚህ አነጋገራችን ቢወላገድ ይቅርታ አድርጉልን፤ ነገሩን ግን አደራ፣ አዳምጡን።

ርእሳችን አንድ የጣት ውፍረት ያላት ጎማ ናት። ጎማ ስንል የእግሩን ጎማ አይደለም፤ ቤንዚኑ ወይም ናፍጣው የሚያልፍባትን የላስቲክ ቱቦ ማለታችን ነው። "ለቱቦ ደግሞ ስብሰባ ይጠራል ወይ?" የሚል አይጠፋም። ኧረ ይጠራል! ምክንያቱንም ከራሳችን ጥፋት ጀምረን እንነግራችኋለን።

የደረሰብን ነገር

ባለፈው በጋ ከወልዲያ ስንመለስ መኪናችን ሙሉ ሰው ነበረች። አላ ውሃን ተሻግረን ጎብዬ ልንደርስ ስንል ጋቢና የተቀመጡ አንዲት እናት "ልጆቼ፣ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ" አሉን። እኛም "እማማ፣ አሮጌ መኪና አይደለች እንዴ፣ ትሸታለች" ብለን አለፍነው። ትንሽ ቆይተው "ራሴን አዞረኝ፣ እባካችሁ አውርዱኝ" አሉ። ቆምን። እውነቱን እንናገር ከተባለ የቆምነው ለሳቸው ብለን እንጂ ለመኪናዋ ብለን አልነበረም።

ወንበሩን ስናነሳ ከፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የምትሄደው ቱቦ ጫፏ ላይ ተሰንጥቃ ቤንዚን ታንጠባጥባለች። ጠብታው ከሚወርድበት እስከ ጋለው የጭስ ማውጫ ድረስ አንድ ስንዝር ብቻ ነበር። ሞተሩን አጥፍተን ሰው ሁሉ አስወረድን። ሌላ የሆነ ነገር የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ታዲያ ያችን ቱቦ ማን አስገባት? እኛው ነን። ከሁለት ክረምት በፊት አሮጌው ተበጥሶ መንገድ ላይ ስንቆም "ለጊዜው" ብለን ከውሃ ጎማ ቆርጠን በሽቦ አስረናት ነበር። ለጊዜው የተባለችው ሁለት ክረምት ቆየች። ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው ይህንኑ ነው፦ መኪና የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ "ለጊዜው" የሚባለው ነገር ነው።

ቱቦዋ ለምን ታረጃለች?

ነዳጁ ከኋላ ካለው ሰልባትዮ ተነስቶ በመኪናው ሆድ ሥር በብረት ቱቦ ይመጣል። ሞተር ግን ይንቀጠቀጣል፤ ብረት ከብረት ጋር ቢታሰር ይሰበራል። ስለዚህ ከሰልባትዮው መውጫ፣ ከፊልትሮው ግራና ቀኝ፣ ከፓምፑና ከካርቡራተሩ ላይ አጫጭር የላስቲክ ቱቦዎች ይገባሉ። የተረፈው ነዳጅ ወደ ኋላ የሚመለስበትም ሌላ ቱቦ አለ። ሁሉም ቢቀጣጠሉ ጥቂት ሜትር ቢሆኑ ነው። የመኪናውና የተሳፋሪው ሕይወት የተንጠለጠለው በነዚህ ጥቂት ሜትሮች ላይ ነው።

አንደኛው ጠላት ሙቀት ነው። በነዚህ በቶዮታ ሃያስ ሚኒባሶች ሞተሩ ያለው ከጋቢናው ወንበር ሥር በጠባብ ሣጥን ውስጥ ነው። አገራችን ቆላ ነው፤ ከውጪም ፀሐይ፣ ከውስጥም ሞተር ያበስላታል። በተለይ መኪናው ሠርቶ ሲቆም ነፋስ ስለማያገኝ ሙቀቱ እዚያው ይታመቃል።

ሁለተኛው መቆም ነው። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ እንደገናም በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ እዚህ ሲደርስ መኪኖች ለወራት እንደቆሙ እናስታውሳለን። በነዳጅ ርሳ የኖረች ቱቦ ነዳጁ ሲደርቅባት ትኮማተራለች፣ ትሰነጠቃለች። ከቆመበት የተነሣ መኪና ቱቦው ሳይታይ መንገድ መውጣት የለበትም።

ሦስተኛው ቤንዚኑ ራሱ ነው። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኤታኖል 5 በመቶ እየሆነ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኤታኖል ለሱ ያልተሠራን የድሮ ላስቲክ ያለሰልሳል፣ ያሳብጣል። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ የሠራ አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ቱቦውን አይመነው።

አራተኛው አይጥ ነው። አትሳቁ! ማሽላ በተከመረበት ግቢ ያደረ መኪና ሞተሩ ላይ አይጥ ጎጆ ይሠራል፤ ቱቦና ሽቦም ይበላል።

በዚያ ላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ስለጣለ አሮጌውን በሌላ መለወጥ ከባድ ሆኗል። ያለን መኪና ከኛ ጋር ሊያረጅ ነው። እንግዲያው እንጠብቀው።

ቤንዚን ምን ያህል አደገኛ ነው?

ናፍጣ እሳት የሚይዝ ተን የሚያወጣው ከ50 ዲግሪ ሙቀት በላይ ሲደርስ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ እንኳ ተኑ ይያያዛል። ይህም ማለት በኛ አገር አየር ሌሊትም ቀንም ዝግጁ ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ ሄዶ አይበተንም፣ በወንበር ሥርና በወለሉ ላይ ይተኛል። አየር ውስጥ ከ100 እጅ 1 እጅ ተኩል ያህል ከሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ብልጭታ ደግሞ ከዲስትሪቢዩተር፣ ከዲናሞ፣ ከተላጠ ሽቦ፣ ከሲጋራም አይጠፋም።

ይህ የሮቢት ችግር ብቻ አይደለም። ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው የቮልስ ኮምቢ በዓለም ሁሉ የሚወደድ መኪና ነው፤ ስንቱ ግን ቱቦው ተሰንጥቆ ነዷል። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ሾፌሩ እሳቱን የሚያየው ዘግይቶ ነው። የሞተሩ ብረት ማግኒዚየም ያለበት በመሆኑም አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል። ስለዚህ አዋቂ የኮምቢ ባለቤት መኪናውን በገዛ ዕለት ከቀለሙ በፊት የነዳጅ ቱቦውን ይለውጣል። እኛም ይህን እንማር።

እንዴት ትመረመራለች?

ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጠዋት ወንበሩን አንሡ። ቱቦዋን በጣት እጠፏት፤ ስንጥቅ ካሳየች፣ እንደ እንጨት ከደረቀች፣ ወይም እንደ ማስቲካ ከለሰለሰች አበቃላት። በጨርቅ ጠረጓት፤ ጨርቁ ቤንዚን ከሸተተ ታልባለች። ላይዋ ክር የለበሰ ከሆነ ስንጥቁ ከክሩ ሥር ስለሚደበቅ በዓይን ብቻ አትመኑ። ከሰልባትዮው ላይ ያለችውንም አትርሱ፤ ማንም የማያያት እሷን ነው።

እንዴት ትለወጣለች?

1ኛ/ ሥራው በውጪ፣ በነፋሻ ቦታ ይሁን። ቡና ከሚፈላበት ከሰል ራቁ። ሲጋራ የሚባል ነገር አይታይ። ካርቡራተር የሌለው፣ ኢንጀክሽን የሆነ መኪና ከሆነ መጀመሪያ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ነቅላችሁ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አስነሡት፤ ግፊቱ ይወርዳል። ከዚያ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቁ፤ የባትሪውንም ኔጋቲቭ ፍቱ።

2ኛ/ ቤንዚን በአፍ አትሳቡ። ወደ ሳንባ ከገባ ሰው ሊገድል ይችላል። በእጅ ፓምፕ ሳቡ፤ ወይም ቱቦውን ዝቅ አድርጋችሁ በቆርቆሮ ዕቃ ተቀበሉ።

3ኛ/ ሲገዛ በላዩ ላይ የታተመውን አንብቡ። በፈረንጅ ፊደል "ኤስ.ኤ.ኢ. ጄ 30" ይላል፤ ቀጥሎ "አር" ከቁጥር ጋር ይመጣል። ለካርቡራተር "አር 7" ይበቃል፤ ግፊቱ ከግማሽ ባር አይበልጥም። ለኢንጀክሽን ግፊቱ ከ2 ባር ተኩል እስከ 3 ባር ስለሚደርስ "አር 9" ያስፈልጋል። ምንም ያልታተመበትን፣ የውሃ ጎማንና ብርሃን የሚያሳልፈውን ላስቲክ አትቀበሉ። ውፍረቱን በግምት ሳይሆን ከአሮጌው ቁራጭ ጋር አስተያይታችሁ ግዙ፤ የ6 እና የ8 ሚሊሜትር ልዩነት ብዙ ነው።

4ኛ/ አሮጌውን በፒንሳ እያጣመማችሁ አትንቀሉ። የካርቡራተሩ ትንሽ የነሐስ አፍ ይላላል፤ በኋላም በጉዞ ላይ ይወልቃል። በጩቤ በቁመቱ በጥንቃቄ ቀዳችሁ አውጡ። አዲሱን በስለት ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። በመጋዝ ከተቆረጠ ፍርፋሪው ካርቡራተሩን ይዘጋል።

5ኛ/ ከብረቱ አፍ እብጠት አልፎ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ይግባ። ፋሸታው ውስጡ ልሙጥ፣ ጠርዙ የታጠፈ ይሁን፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ላስቲኩን ይበላዋል። አጥብቁ፣ ነገር ግን አታንቁት። በሽቦ ማሰር ቀርቷል በሉ!

6ኛ/ አንዱን ቀይሮ ሌላውን መተው ገንዘብ መቆጠብ አይደለም። ሁሉንም በአንድ ቀን ለውጡ፤ ፊልትሮውንም ጨምሩ፣ ቀስቱ ወደ ሞተሩ ይመልከት። ሞተሩን አስነሥታችሁ አሥር ደቂቃ በባትሪ መብራት ተመልከቱ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ፋሸታውን እንደገና እዩ።

ከተለወጠች በኋላስ?

ከጭስ ማውጫው አርቋት። በቆርቆሮ ቀዳዳ የምታልፍ ከሆነ ቀዳዳው ላይ ላስቲክ አልብሱ፤ አለዚያ ቆርቆሮው ያርዳታል። ፊልትሮውን ከዲስትሪቢዩተሩ በላይ አትስቀሉ፤ ቢያንጠባጥብ የሚወርደው ብልጭታ ላይ ነው። ሞተር በናፍጣ ማጠብም ይቅር፤ ብረቱን ቢያሳምርም ላስቲኩን ይገድላል። እኛ በበኩላችን፣ ቆላ ስለሆንን፣ ብትሰነጠቅም ባትሰነጠቅም በየሦስት ዓመቱ ልንለውጥ ወስነናል። የተለወጠበትንም ቀን በቀለም በሩ ላይ እንጽፋለን።

የናፍጣ ባለቤቶችም "እኛን አይመለከተንም" አትበሉ። የናፍጣ ቱቦ ሲሰነጠቅ ከመፍሰሱ በፊት አየር ይስባል፤ ጠዋት አልነሣም ይላል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ስንቱ ፓምፕና ኖዝል አስፈትቶ ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ በሽታው የአንዲት ቱቦ ስንጥቅ ሆኖ ተገኝቷል። ከአላማጣ ወደ ኮረም በግራ ካሱ ዳገት መሀል ሞተር የጠፋበት ሾፌር ይህን ያውቀዋል።

ተሳፋሪ ሆይ!

አሁን የምንናገረው መኪና ለሌላችሁ ነው። ቤንዚን ሲሸታችሁ ዝም አትበሉ። "ሾፌሩ ያውቃል" አትበሉ፤ እኛ አፍንጫችን ለምዶታል፣ አይሸተንም። "አቁም፣ ይታይ" በሉ። ቢቆጣችሁም በሉ። ቤንዚን በጀሪካን ወይም በውሃ ላስቲክ ይዞ የሚሳፈር ካያችሁም አታሳፍሩት፤ በወንበር ሥር የተቀመጠ ጀሪካን ከተሰነጠቀ ቱቦ አይሻልም።

እሳት ከተነሣ ሾፌሩ ሞተሩን ያጥፋ፤ በሩ አንድ ስለሆነ ሕፃናትና አቅመ ደካሞች በቅድሚያ እየተረዱ ሰው ሁሉ ይውረድና ይራቅ። ወንበሩን ብድግ አድርጋችሁ አትክፈቱ፤ አየር ሲያገኝ ነበልባሉ ፊት ላይ ይወጣል። የዱቄት ማጥፊያ ካለ በጠባብ ክፍተት ንፉበት። ውሃ አትድፉ፤ ቤንዚኑ ተንሳፎ እሳቱን ያሰፋዋል። ማጥፊያ ከሌለ ተዉት፤ ብረት ይተካል፣ ሰው አይተካም።

ለስብሰባው የምናቀርበው ሐሳብ

አንደኛ፣ የሰፈራችን መኪኖች ሁሉ ክረምት ከመግባቱ በፊት ወንበራቸው ተነሥቶ ቱቦአቸው ይታይ፤ እኛ መካኒኮች ያለ ዋጋ እናያለን። ሁለተኛ፣ ባለመኪኖች አዋጥተን ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ትክክለኛውን ቱቦና ፋሸታ በጥቅል እናስመጣ፤ ለአንድ ሰው በቁራጭ ከመግዛት ይረክሳል። ሦስተኛ፣ ማጥፊያ የሌለው ሚኒባስ ከሰፈራችን ሰው ጭኖ አይውጣ።

የዚያች እናት አፍንጫ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምንሰበሰበው ለንግግር ሳይሆን ለለቅሶ ነበር። እሳቸውን ዛሬ በሕዝብ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን፤ እናመሰግናለንም። ያችን የተሰነጠቀች ቱቦ ይዘናት መጥተናል፤ ከእጅ ወደ እጅ ትዙርና ሁላችሁም እጠፏት፣ እዩአት። ሲጨርሱባት በማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በሚስማር እንሰቅላታለን። ከሥሯ "ለጊዜው" ተብሎ ይጻፍልን።