ስለ ቦምቦሊኖ አሠራርና ስለ ዘይት ጥንቃቄ



እናት ገበያ ውላ ወደ ቤቷ በተመለሰች ጊዜ ልጆቿ ከደጅ ወጥተው ይቀበሏታል፤ ዐይናቸውም አስቀድሞ የሚያርፈው በዘንቢሏ ላይ ነው። በዘንቢሉ ውስጥ የሚገኘው የልጆች ደስታ አንዳንድ ጊዜ ሸንኮራ አገዳ፣ አንዳንድ ጊዜም ብርቱካን ነው። ቦምቦሊኖ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ደስታው እጥፍ ይሆናል።

ቦምቦሊኖ ማለት የስንዴ ዱቄት ከስኳርና ከእርሾ ጋራ ተቦክቶ፣ በመካከሉ ቀዳዳ ተደርጎለት፣ በጋለ ዘይት ተጠብሶ የሚበላ ጣፋጭ ዳቦ ነው። በደብረ ማርቆስ እንደ ሌሎች ከተሞች ሁሉ በሻይ ቤትና በገበያ ይሸጣል። ብዙ ሰውም ይህ ነገር የሻጮች ጥበብ እንጂ በቤት ሊሠራ የሚችል አይመስለውም። ነገር ግን ዳቦ መጋገር የምታውቅ ሴት ሁሉ ከሥራው አብዛኛውን አስቀድማ ታውቃለች፤ የሚቀራት የዘይቱንና የእሳቱን ልክ ማወቅ ብቻ ነው። የዚህም ንግግር ፍሬ ነገር ይህ ልክ ነው፤ ልክ ሲጠበቅ ምግቡ ያምራል፣ ልክ ሲጓደል ግን ሕፃን እስከ መቃጠል ያደርሳል።

አንዳንድ ሽማግሌ ስሙን ሰምቶ «ይህ የኢጣልያ ምግብ አይደለምን?» ይል ይሆናል። ስሙስ በእውነት ኢጣልያዊ ነው፤ በዚያ አገር ቦምቦሎኒ የሚባል እንዲሁ በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ አለ። ኢጣልያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በግፍ ይዛ በነበረች ጊዜ በላይ ዘለቀና ሌሎች የጎጃም አርበኞች በዱር በገደሉ ተዋግተዋታልና፣ ሽማግሌው ስሙን መጠርጠሩ የሚያስነቅፈው አይደለም። ይሁን እንጂ ሊጥን በዘይት ጠብሶ ማጣፈጥ የአንድ ሕዝብ ርስት ሆኖ አያውቅም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1226 ዓ.ም. በባግዳድ በተጻፈ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ የዚህ ዐይነት ጣፋጭ ይገኛል፤ ስሙም በዐረብኛ «የዳኛ ጉርሻ» ማለት ነው። ከዚያው ከዐረቦች ወገን የመጣው ለጊማት በሐረር ይበላል። በኬንያና በታንዛንያ ማንዳዚ፣ በአሜሪካም ዶናት ይሉታል። ስለዚህ ምግቡ የሚመዘነው በስሙ ሳይሆን በንጽሕናውና በአሠራሩ ነው።

ይልቁንም ለጎጃም ሰው ከሚያስፈልገው ነገር የሚበዛው ከደጁ የሚገኝ ነው። ስንዴው በደጋው ይበቅላል፤ ማሩ የታወቀ ነው፤ ኑጉም ከዚሁ ምድር ይታፈሳል። ስኳር እንኳ በአገራችን በወንጂ ፋብሪካ መመረት ከጀመረ ከ1946 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ደግሞ እንቁላልና ወተት ሳይገባበት ሊሠራ ስለሚችል በጾም ቀንም ቢሆን ከቡና ጋራ ለእንግዳ ይቀርባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ግማሽ ኪሎ የተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይዘጋጃል። የወደደ ሰው ተፈጭቶ የተነፋ ኮረሪማ ጥቂት ይጨምርበታል። ከዚህ በኋላ ለጣት የማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ፣ ከሊትር ሲሶ የማይበልጥ፣ ቀስ በቀስ እየተጨመረ ይለወሳል። ውሃው ፈልቶ ከሆነ እርሾውን ይገድለዋል፤ እርሾ ሕይወት ያለው ረቂቅ ፍጥረት ነውና። ሊጡ ለስልሶ ከእጅ እስኪላቀቅ ድረስ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይታሻል፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ እጥፍ እስኪሆን ይቀመጣል።

ይህ ጊዜ በቆላ አንድ ሰዓት ያህል ነው። በደጋው ብርድ ግን ሊጡ ይዘገያልና ከምድጃው ራቅ ብሎ ሙቀት በሚደርስበት ስፍራ ማኖር ይገባል። ደረቅ እርሾ የማይገኝበት ቤት ካለፈው የዳቦ ሊጥ የተረፈውን አንድ እፍኝ ጨምሮ ሌሊቱን ያሳድረዋል። ሊጡ ከተነሣ በኋላ በገበታ ላይ አንድ ጣት ውፍረት እስኪኖረው ይዳመጣል፤ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ሆኖ ይቆረጣል፤ መካከሉም በጠርሙስ ቆርኪ ይበሳል። ቀዳዳው ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይምሰል፤ የዘይቱ ሙቀት መካከሉን እንዲያበስለው ነው። የተቆረጠው ዱቄት በተነሰነሰበት ትሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ ለመጠበስ የተዘጋጀ ይሆናል። ከዚህ መጠን ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ አምስት ቦምቦሊኖ ይወጣል።

እንግዲህ የዘይቱ ነገር ነው። ዘይቱ በጣም የጋለ እንደ ሆነ ውጪው ይጠቁራል፣ ውስጡም ሊጥ እንደ ሆነ ይቀራል። ያልጋለ እንደ ሆነ ደግሞ ሊጡ ዘይቱን እንደ ጥጥ ይጠጣዋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች በዚያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ግን በ100 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ በደጋ የሚጠበስ ሊጥ ውስጡ ቀስ ብሎ ይበስላል፤ እሳቱም ከቆላው ይልቅ ለዘብ ማለት ይኖርበታል። የሙቀት መለኪያ ያለው ሰው ከ165 እስከ 175 ዲግሪ ይጠብቅ። መለኪያ የሌለው ግን የባቄላ ፍሬ የምታህል ሊጥ ይጣልበት፤ ወርዳ ጥቂት ቆይታ አረፋ እያወጣች ብትነሣ ልኩ ነው፤ ወዲያው ብትጠቁር እሳቱ ይቀነስ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሦስት እየተጨመረ በአንዱ ወገን ሁለት ደቂቃ ያህል፣ በሌላውም ወገን እንዲሁ ይጠበሳል። ሲወጣ በወንፊት ላይ ይንጠፍ፤ ሳይቀዘቅዝም ስኳር ይነስነስበት፣ ወይም ማር ይቀባ።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ማስታወስ ይገባል። በብዙ ቤት ምድጃው ከመሬት ጋራ የተስተካከለ ነው፤ ድስቱም በሦስት ጉልቻ ላይ ይቀመጣል፤ ድክ ድክ የሚል ሕፃን ደግሞ በአጠገቡ ይጫወታል። የጋለ ዘይት ከፈላ ውሃ ይልቅ እጅግ የጋለ ነው፤ በገላም ላይ ተጣብቆ ያቃጥላል። ስለዚህ ጉልቻው እንዳይነቃነቅ አስቀድሞ ይፈተን፤ ዘይቱ ከድስቱ ግማሽ አይለፍ፤ ሕፃናትም በሌላ ሰው ይያዙ። እርጥብ ማንኪያ ወደ ዘይቱ አይግባ። ዘይቱ መጤስ ከጀመረ ከእሳቱ ላይ እንጨቱ ቶሎ ይሳብ። ምናልባት ዘይቱ ቢቀጣጠል ማንም ሰው ውሃ አያፍስበት፤ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የነደደውን ዘይት ወደ ሰውና ወደ ጣራ ይበትነዋልና። የብረት ክዳን ተከድኖበት እስኪቀዘቅዝ ሳይነካ ይቆይ። የሣር አክንባሎ ግን ራሱ ይነዳልና ለዚህ አይሆንም።

ሰው የተቃጠለ እንደ ሆነ የተቃጠለው ገላ ሃያ ደቂቃ ያህል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል ወይም አመድ መቀባት ከጥንት የተለመደ ቢሆንም ቁስሉን ያመረቅዛል እንጂ አያድንም። ይህን አንድ ነገር ሽማግሎች በሰንበቴና በማኅበር ቢናገሩት ብዙ ልጅ ከጠባሳ ይድናል።

በቤት መሥራት ከገበያ የሚሻልበትም ምክንያት ከዚሁ ዘይት የተነሣ ነው። ገዢ ሰው ቦምቦሊኖውን ያያል እንጂ የተጠበሰበትን ዘይት አያይም፤ ስንት ቀን እንደ ተመላለሰበትም አያውቅም። ደጋግሞ የጋለ ዘይት እየተበላሸ ለጤና የሚጎዳ ነገር ይፈጥራል፤ የኑግ ዘይትም ከሚረጉት ዘይቶች ይልቅ በዚህ ቶሎ ይበላሻል። የቤት እመቤት ግን ዘይቷን በጨርቅ አጥልላ፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ተጠቅማ፣ ሲጠቁር ወይም ክፉ ክፉ ሲሸት ልትተወው ትችላለች። ይህን ሁሉ ማለት ሻጮችን ለመንቀፍ አይደለም፤ ብዙዎች በዚህ ሥራ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ንጹሕ ዘይት የምትጠቀም ሻጭ ደንበኛዋ ይበዛላት ዘንድ ገዢው ዘይቱን መጠየቅ ይልመድ።

መምህራንም ከዚህ ትንሽ ምግብ ትልቅ ትምህርት ማውጣት ይችላሉ። ሒሳብ የሚማር ልጅ የግማሽ ኪሎውን መጠን ለሦስት ኪሎ ይለውጠው፤ የአንዱን ወጪ ያስላ። የተፈጥሮ ትምህርት የሚማር ልጅ እርሾ በለብ ባለ ውሃና በቀዝቃዛ ውሃ እንዴት እንደሚሠራ በሁለት ብርጭቆ ይመልከት። ወንዶች ልጆችም ይህን የሴት ሥራ ነው ብለው አይናቁ፤ ራሱን መመገብ የሚያውቅ ሰው በሄደበት አገር አይቸገርም። ጣፋጭ ግን ዘወትር የሚበላ አይደለምና ለበዓልና ለእንግዳ ይሁን፤ ልጆችም ከበሉ በኋላ አፋቸውን ይጉመጥመጡ፣ ጥርሳቸውንም ያጽዱ።

እንዲህ ከሆነ በበዓል ማግስት ልጆች ዘንቢል የሚጠብቁ ብቻ አይሆኑም። ሊጡን ያሻሉ፤ በብርጭቆ ይቆርጣሉ፤ እናታቸው ስትጠብስም ከምድጃው ርቀው፣ እጃቸውም ገላቸውም ደኅና ሆኖ፣ ተራቸውን ይጠብቃሉ።