የዘር ሐረግ ፕሮግራም ይቀየር ወይስ ይቆይ?

እሷ፦ የዘር ሐረጉን በኮምፒውተር የሚመዘግብ አንድ ወዳጄ ፕሮግራሙን ልቀይር አልቀይር እያለ ነው። ምን ትለዋለህ?

እሱ፦ አዲስ ወጣ ተብሎ ከሆነ ይቅርበት።

እሷ፦ አምራቹ ቢተወውስ? ዘ ማስተር ጂኒያሎጂስት የሚባለው ፕሮግራም እኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ተቋርጧል።

እሱ፦ ለዚያ ጌድኮም የሚባል ፕሮግራሞች የሚጋሩት የፋይል ዓይነት አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚሠራበት። ግን ሁሉን አያሻግርም። በብዛት በሚሠራበት 5.5.1 ቅጂ ስምና ልደት ይሄዳል፤ ፎቶው ግን ራሱ አይሄድም፣ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ይጻፋል።

እሷ፦ የእኛ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለበት። ፕሮግራሞቹ የቤተሰብ ስም አምጣ ይላሉ፤ እኛ ዘንድ የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል። ሰባት ቤት ስትቆጥር ሰባት የተለያየ ቤተሰብ ይመስላል! የዘመን አቆጣጠራችንም በጌድኮም 7.0 ቅጂ መደበኛ ዝርዝር ውስጥ የለም።

እሱ፦ ግራምፕስ የሚባለው ፕሮግራም ስሙ የአባት መሆኑን ለይቶ ይመዘግባል፤ ነጻም ነው። እኔ ለዚህ ስል እቀይር ነበር።

እሷ፦ እንዲሁ ዘው ብሎ?

እሱ፦ የለም! መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ አሻግሮ የግዕዝ ፊደሉን፣ ማስታወሻውንና ምንጩን ይመርምር። የድሮውን ፋይል ደግሞ እንዳያጠፋ።